ስንት ቀጠሮ ይበቃል? ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ርዝመት የጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚሽከረከሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ የሥነ ልቦና ሕክምና ምን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት? ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረንና የጠያቂዎቹን ስም አስቀርተን እነሆ መልሳችንን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለድብርት ሕክምና ልጀምር ነው። ባለሙያዋን «ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ?» ብዬ ብጠይቃት «እንደ ሰዉ ይለያያል» አለችኝ። ቁርጡን ንገሩኝ፤ ቁጥር የለውም?

መልስ፦ ቁጥርስ አለው። «እንደ ሰዉ ይለያያል» ሐሰት አይደለም፤ እዚያው ላይ ካበቃ ግን ለታካሚ አይጠቅምም።

በዘርፉ ብዙ የሚጠቀሰው ቁጥር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬነት ሃዋርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ30 ዓመታት ውስጥ የተሰበሰበ ከ2,400 በላይ ታካሚዎች መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር፣ በ8ኛው ቀጠሮ ገደማ ግማሹ ታካሚ፣ በ26ኛው ገደማ ደግሞ 75 በመቶው ተሻሽሎ አገኘው። የመጀመሪያዎቹ 8 ቀጠሮዎች ግማሹን ሰው ሲያሻሽሉ ተከታዮቹ 18 የጨመሩት ሩቡን ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች ግን ተሻሻሉ እንጂ ሁሉም ዳኑ አልተባለም። ማይክል ላምበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 መለኪያውን ከፍ አደረጉት፤ የታካሚው ውጤት ጤናማ ሰዎች ከሚያመጡት ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ቆጠሩ። በዚህ መለኪያ ግማሹ ታካሚ እዚያ ለመድረስ 21 ቀጠሮ ፈጀበት፤ 75 በመቶው እንዲደርስ ከ40 በላይ እንደሚያስፈልግ ገመቱ። ስለዚህ አንዱ «8 ይበቃል»፣ ሌላው «21 ያስፈልጋል» እያለ ሲከራከር ቢሰሙ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የማይስማሙት ሕክምናው ምን ላይ ሲደርስ ይቁም በሚለው ነው።

የሕመሙ ዓይነትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሸረሪትን ወይም ውሻን ብቻ ለሚፈራ ሰው ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኦስት ያዘጋጀው ሕክምና እስከ 3 ሰዓት በሚፈጅ አንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ ታካሚው የሚፈራውን ነገር ከባለሙያው ጋር ደረጃ በደረጃ ይጋፈጣል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ አስተሳሰብንና ድርጊትን በመለወጥ የሚሠራውን የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ሕክምናን (ሲቢቲ) በግል ለሚከታተሉ ሰዎች ለቀላል ድብርት አብዛኛውን ጊዜ 8፣ ለከባዱ 16 ቀጠሮ ይላል። ለማያቋርጥ አጠቃላይ ጭንቀት ከ12 እስከ 15፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣው ፒቲኤስዲ ከ8 እስከ 12፣ ለአዋቂዎች አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ምግብን ከልክ በላይ መቀነስ) እስከ 40 ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በመደበኛ የሕክምና አገልግሎት ላይ የተሠሩ 26 ጥናቶችን የገመገመ ሥራም ተገቢው መጠን ከ4 እስከ 26 ቀጠሮ መካከል እንደሚገኝ ደምድሟል።

እንግዲህ ለድብርት የሚሄዱ ከሆነ በ8 እና በ16 መካከል ማቀድ ያስኬዳል። ባለሙያዋን እንደገና ሲያገኟት ጥያቄውን በአራት ከፍለው ይጠይቋት፦ መጀመሪያ ለስንት ቀጠሮ እናቅድ? ለውጡን በምን እንለካለን? በስንተኛው ቀጠሮ ላይ ቆም ብለን እናየዋለን? በዚያን ጊዜ ለውጥ ከሌለስ ምን እንቀይራለን? ጥሩ መልስ «12 እንያዝ፤ በየቀጠሮው መጠይቅ ትሞላለህ፤ በ4ኛውና በ8ኛው አብረን እናየዋለን» የሚል ዓይነት ነው። አራተኛውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ባለሙያ ቢያጋጥመዎት ግን እኛ ብንሆን ሌላ እንፈልጋለን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብዙ የቆየ ሰው ይበልጥ ይድናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዊልያም ስታይልስ፣ ማይክል ባርካምና ሱ ዊለር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት በብሪታንያ 50 የምክርና የሕክምና አገልግሎቶች የተከታተሉ 26,430 አዋቂዎችን ያካትታል። እስከ 40 ቀጠሮ ከሄዱት ከእነዚህ ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ ድነዋል ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ። ጥቂት ቀጠሮ የሄዱት ብዙ ከሄዱት አልተበለጡም፤ እንዲያውም በመጠኑ ይበልጧቸው ነበር።

ይህ ቀጠሮ ማብዛት ይጎዳል ማለት አይደለም። ሰው ሲበቃው ያቆማል። ቶሎ የሚለወጠው በ5ኛው ቀጠሮ አመስግኖ ይሄዳል፤ 25ኛው ላይ የሚገኙት ሕመማቸው የጠና ወይም ለውጣቸው አዝጋሚ የሆነባቸው ናቸው። ሃዋርድ ያየው መሻሻል ከ8ኛው ቀጠሮ በኋላ እየቀነሰ የሄደውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሕክምናው በአንድ ሰው ላይ ኃይሉን ስላጣ ሳይሆን ፈጣኖቹ ቀድመው ስለወጡ። በእነ ስታይልስ ጥናት ውስጥ የተቆጠሩት ከባለሙያቸው ጋር ተስማምተው ያቆሙት ብቻ መሆናቸውንም አይርሱ። ሳይናገሩ የቀሩት የሉበትም።

በሌላ በኩል በጣም ማሳጠርም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃንሰን፣ ላምበርትና ፎርማን ሁለቱን ዓለም ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር። በተመራማሪዎች ቁጥጥር ሥር በተካሄዱ ሙከራዎች ታካሚዎች በአማካይ ወደ 13 ቀጠሮ ሄደው ከ58 እስከ 67 በመቶዎቹ ተሻሻሉ። በተለመደው አገልግሎት ግን ከ6,000 በላይ ታካሚዎች በአማካይ 5 እንኳ አልሞሉም፤ የተሻሻሉትም 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የልዩነቱ ምክንያት የቀጠሮው ቁጥር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያም ሆኖ በ3 እና በ4 ቀጠሮ ብዙ መጠበቅ እንደማያዋጣ ያሳያል።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ መሄድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሄድኩበት ቀን ቀለል ይለኛል፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ እዚያው ነኝ። ሐኪሜ ደግ ሰው ነች፤ ማቆሙም ይከብደኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ እንዳሉት ከሆነ በዚህ መልኩ መቀጠል የለብዎትም። ማቆም አለብዎት ማለታችን ግን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ አለ።

ከቀጠሮ ሲወጡ የሚሰማዎት መቅለል እውነተኛ ነው፤ ግን የሕክምናው ውጤት እሱ አይደለም። ውጤት የሚታየው በሳምንቱ ሌሎች ስድስት ቀናት ነው፦ በእንቅልፍ፣ በሥራ፣ ይሸሹት በነበረው ነገር፣ ከሰው ጋር ባለዎት ግንኙነት። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩት። ለድብርት ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ጥያቄዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድብርት ስለሚጠረጠር ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የ5 ነጥብ ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የ1 እና የ2 ነጥብ መውጣት መውረድ ግን ምንም አይደለም። ለጭንቀት ጋድ-7 አለ፤ 7 ጥያቄ፣ እስከ 21 ነጥብ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀንና ከቀጠሮው በፊት ይሙሉት። ከቀጠሮው በኋላ ከሞሉት የሚለኩት ያንኑ ጊዜያዊ መቅለል ነው። የፒኤችኪው-9 የመጨረሻ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። በዚያ ላይ ከ0 በላይ ከሆኑ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለባለሙያዎ ወይም በአቅራቢያዎ ላለ የድንገተኛ ሕክምና በዕለቱ ይንገሩ።

«ሐኪሜ ብትመለከተው ኖሮ ትነግረኝ ነበር» ብለው አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ባለሙያዎች ከ550 ታካሚዎቻቸው መካከል ማን እየባሰበት እንደሚሄድ እንዲገምቱ ተጠይቀው 3 ሰዎችን ብቻ ጠቆሙ። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ከተጠቆሙት ሦስቱ ውስጥ በእርግጥ የባሰበት አንዱ ብቻ። ባለሙያዎቹ ግድየለሾች ስለሆኑ አይደለም። ከሰው ጋር በየሳምንቱ የሚገናኝና ደህንነቱን የሚመኝ ሰው መባባሱን ማየት ይከብደዋል። መጠይቅ ግን ይሉኝታ የለውም።

አራትና አምስት ሳምንት ለክተው ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ተይዞ ይገኛል። አንደኛው፣ ግቡ ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም፤ ወይም ተሳክቶ ካለቀ በኋላ በሌላ አልተተካም። ሁለተኛው፣ ቀጠሮው የሳምንቱ ወሬ ማቅረቢያ ሆኗል። ሦስተኛው፣ ለጭንቀትና ለፒቲኤስዲ ዋናው ሥራ የሆነው የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ «ገና ዝግጁ አይደለህም» እየተባለ ከወር ወደ ወር ይተላለፋል፤ በእኛ ግምት ረጅም ሕክምናን ከንቱ በማድረግ ይህን የሚያህል የለም። አራተኛው፣ ያልታየ ሌላ ምክንያት አለ፦ የታይሮይድ ችግር፣ መጠጥ፣ የእንቅልፍ መታወክ፣ ድብርት ብቻ መስሎ የቆየ ባይፖላር (ድብርትና ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት ሕመም)። አምስተኛው ከሕክምናው ውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ ዱላ ያለበት ወይም ዕዳ ያጨናነቀው ሰው በንግግር ብቻ አይቀልለትም።

ቀጥሎ ለሐኪምዎ ይንገሯት። ቃል ካጠረዎት እንዲህ ይበሏት፦ «በየሳምንቱ ሞልቼዋለሁ፣ ውጤቱ ይኸው ነው። አንቺን መውቀሴ አይደለም፤ ግን አልተለወጥኩም። የሚቀጥሉትን 6 ቀጠሮዎች በምን በተለየ መንገድ እንጠቀምባቸው?» ደግ ሐኪም በዚህ አትቀየምም። ከ6ቱ በኋላ ቁጥሩ ባለበት ከሆነ የሌላ ባለሙያ አስተያየት ይጠይቁ፤ የመድኃኒት ጉዳይም ያኔ ይነሳ።

ረጅም ሕክምና ሁልጊዜ የባከነ ጊዜ እንዳይመስልዎት። በሄልሲንኪ በተካሄደ ጥናት 326 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ አጭር ሕክምና (እስከ 12 ወይም 20 ቀጠሮ)፣ ከፊሎቹ ደግሞ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየሄዱ ወደ 3 ዓመት የሚዘልቅ ሕክምና ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት የቀደሙት አጫጭሮቹ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠፋ፤ በሦስተኛው ረጅሙ በለጠ። ማለትም ዝግ ብሎ የሚሠራ ሕክምና አለ። ቢሆንም እሱም ቢሆን በሁለት ዓመት ውስጥ የሆነ ነገር ማንቀሳቀስ ነበረበት።

ጥያቄ፦ ከጀመርኩ በኋላ እንዲያውም ባሰብኝ። ይህ የተለመደ ነው?

መልስ፦ እንደ ቆይታው ነው። ያለፈውን አሰቃቂ ነገር ማውራት ወይም የሚፈሩትን መጋፈጥ በጀመሩበት ሰሞን ለሁለትና ሦስት ሳምንት እንቅልፍ መረበሽ፣ ስሜት መነካካት ይጠበቃል፤ ባለሙያው አስቀድሞ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ምንም ከባድ ሥራ ሳይጀመር ከባሰ ግን «ያልፋል» ብለው አይጠብቁ። ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ሕክምናው ሲያልቅ ከጀመሩበት የባሱ ሆነው እንደሚገኙ የታወቀ ነው። መጠይቁን ሞልተው ውጤቱን በቀጣዩ ቀጠሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አቅሜ የሚፈቅደው 12 ቀጠሮ ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እያደረግሁ ስድስት ወር ባቆያቸው አይሻልም? ቶሎ እንዳያልቁብኝ ብዬ ነው።

መልስ፦ ሐሳብዎ ይገባናል፤ ግን የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። ፒም ኩይፐርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በድብርት ሕክምና ላይ የተሠሩ 70 ሙከራዎችን ሲያነጻጽሩ፣ የቀጠሮዎቹ ጠቅላላ ቁጥር ከውጤቱ ጋር የነበረው ዝምድና ትንሽ ነበር፤ በሳምንት ስንት ጊዜ የሚለው ግን ብዙ ለውጥ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኔዘርላንድስ 200 የድብርት ታካሚዎች በዕጣ ተለይተው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ታከሙ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሄዱት በስድስተኛው ወር ላይ የተሻሉ ሆኑ፤ አቋርጠው የቀሩትም ከእነሱ መካከል ያነሱ ነበሩ። ለፒቲኤስዲ አንኬ ኤለርስ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ሙከራ ከዚህም ያልፋል፤ ሦስት ወር የሚፈጀውን ሕክምና በ7 ቀን ውስጥ አጭቀው የሰጧቸው ሰዎች በየሳምንቱ ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ውጤት አገኙ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሁለት ሳምንት ሲሆን ያለፈው ተረስቷል፤ «ባለፈው ምን ላይ ነበርን?» በሚል ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ይሠራ የተባለው ልምምድ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ የቀሩት 11 ቀናት ባዶ ናቸው። በመሐል የሚመጣ ጠብ ወይም መጥፎ ዜና ደግሞ ቀጠሮውን እንዳለ ይወስደዋል።

12ቱን እንዲህ ቢያከፋፍሏቸው እንላለን፦ ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት ሁለት (8 ቀጠሮ)፣ ቀጥሎ ለ2 ሳምንት በየሳምንቱ አንድ (10 ሆነ)፣ 11ኛውን ከዚያ በ2 ሳምንት፣ 12ኛውን ከዚያ በወሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ መውጣት ካልቻሉ ለ9 ሳምንት በየሳምንቱ፣ የቀሩትን 3 እያራራቁ። በቀጠሮዎቹ መካከል ልምምድ ከሌለ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ መሄድ ሁለት ጊዜ ማውራት ብቻ ነው የሚሆነው። ልምምድ ይስጡኝ ብለው ይጠይቁ፤ የሠሩትንም በወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ቀጠሮ ርዝመትስ? የእኔ 50 ደቂቃ ነው፤ ጓደኛዬ 90 ይቀመጣል።

መልስ፦ 50 ደቂቃ ባለሙያው በሰዓቱ ውስጥ ማስታወሻ እንዲጽፍና እንዲተነፍስ የተተወ ልማድ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ለአብዛኛው ንግግር ይበቃል። የሚፈሩትን መጋፈጥ የሚጠይቅ ሕክምና ረዘም ያለ ጊዜ የሚመደብለት ፍርሃቱ ተነሥቶ፣ ታካሚው ቆይቶበት፣ ስለሆነውም ተነጋግሮ እንዲወጣ ነው። ፍርሃቱ ጣሪያ ላይ ሳለ «ሰዓታችን አለቀ» መባል መጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ብቻ ሄጄ በጣም ተሻለኝ። ገንዘብ ከምጨርስ ላቁም?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ቶኒ ታንግና ሮበርት ዴሩቤስ እ.ኤ.አ. በ1999 በሲቢቲ ከታከሙ የድብርት ታካሚዎች ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮዎች መካከል ትልቅ መሻሻል በድንገት እንደሚታይ ጽፈዋል፤ በአብዛኛውም ሕክምናው ገና በግማሽ ሳይደርስ። ያ ለውጥ የታየባቸው ሰዎች በኋላም የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ስለዚህ «እውነተኛ አይሆንም» ብለው አይጠራጠሩት።

ያም ሆኖ ሃዋርድ ራሱ ለውጥ በቅደም ተከተል እንደሚመጣ አሳይቷል፦ መጀመሪያ ተስፋ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ምልክቶቹ ይቀንሳሉ፣ በመጨረሻ ሕይወት ይስተካከላል። በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት በመጀመሪያው ነው። የድብርት ነገር ደግሞ ማገርሸት ይወዳል፤ ሲቢቲ ጨርሰው ከተሻላቸው ሰዎች 29 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት፣ 54 በመቶ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዳገረሸባቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ትልቅ ግምገማ ያሳያል።

የምንመክርዎት፣ ፒኤችኪው-9 ላይ ቁጥርዎ ለ4 ሳምንት ከ5 በታች እስኪቆይ ድረስ ሙሉ በሙሉ አያቁሙ። ማራራቅ ይችላሉ፤ በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ። ሲያቆሙም በስልክ ብቻ ተሰናብተው ሳይሆን አንድ የመዝጊያ ቀጠሮ ይዘው ያቁሙ። ከ5 ታካሚዎች አንዱ ሕክምናውን ሳይጨርስ እንደሚቀር 669 ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ አስልቷል። የመዝጊያ ቀጠሮ ሥራው አንድ ገጽ መጻፍ ነው፦ ሲጀምረኝ መጀመሪያ የማስተውለው ምልክት፣ ያኔ የረዳኝ ነገር፣ የምደውልለት ሰው፣ ተመልሼ የምመጣበት ቁጥር። ፒኤችኪው-9 ላይ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መመለስ ጥሩ ወሰን ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ «ቦርደርላይን» የተባለ የስብዕና መታወክ አለባት ተብላለች። ሕክምናው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል አሉን። ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለእሷ ነው ወይስ ለሐኪሞቹ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ያለቦታው አይደለም፤ ዘርፉም ይህንኑ ጥያቄ ራሱን እየጠየቀ ነው። ለዚህ ሕመም የታወቁት ሕክምናዎች ሲነደፉ ረጃጅም ነበሩ፤ ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ሕክምና (ከባድ ስሜትን መቆጣጠር የሚያሠለጥነው) አንድ ዓመት፣ ሜንታላይዜሽን የሚባለው (የራስንና የሌላውን ሐሳብና ስሜት መረዳት ላይ የሚያተኩረው) እስከ 18 ወር። ናይስም ከሦስት ወር ያጠረ ሕክምና ለዚህ ሕመም አይሰጥ ይላል።

በቅርብ ዓመታት ግን ሁለት ሙከራዎች ርዝመቱን ራሱን ፈተኑት። በካናዳ ሼሊ ማክሜይንና ባልደረቦቿ 240 ሰዎችን ለ6 ወር ወይም ለ12 ወር ዳያሌክቲካል ሕክምና መድበው እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳወጡት፣ ራስን መጉዳትን በመቀነስ 6 ወሩ ከ12 ወሩ አላነሰም። በዴንማርክ ደግሞ የ5 ወርና የ14 ወር የሜንታላይዜሽን ሕክምና ተነጻጽረው ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ የ6 ወር ፕሮግራም ካለ በእሱ መጀመር ያዋጣል። የማይሆነው በወር አንድ ጊዜ እየሄዱ «ዓመት ሙሉ ታከመች» ማለት ነው፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የግል ቀጠሮንና የቡድን ሥልጠናን በየሳምንቱ አጣምረው የሚሰጡ ናቸው። እህትዎን የሚያክሟትን «ቡድን አለ? በችግር ሰዓት የሚደወልበት ስልክ አለ? ባለሙያዎቹ ራሳቸው በየሳምንቱ ተሰብስበው ይመካከራሉ?» ብለው ይጠይቁ። ለሦስቱም «የለም» ከተባሉ ርዝመቱ አያካክሰውም።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ አማካሪ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ለአንድ ሰው ከ8 ቀጠሮ በላይ አይፈቅድም። በ8 ቀጠሮ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ብዙ ይሠራል፤ ወሰኑ ከመጀመሪያው ቀን ከተነገረ። ከሁሉ የከፋው ስህተት እንደ 20 ቀጠሮ ጀምሮ በ7ኛው ላይ «የቀረን አንድ ነው» ማለት ነው።

ከመጀመሪያው በፊት ወይም በመጀመሪያው ላይ ይለዩ። 8 የማይበቃቸው አሉ፦ ራሳቸውን የመግደል ሐሳብ ያላቸው፣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ መራቅ፣ የሌለ ድምፅ መስማት) የሚታይባቸው፣ ክብደታቸው በአደገኛ ሁኔታ የወረደ፣ ለዓመታት የተደጋገመ ጉዳት የደረሰባቸው። እነዚህን ጀምሮ ከማቋረጥ ያኔውኑ ወደሚመለከተው ማስተላለፍ ይሻላል።

ለቀሩት፣ በ1ኛው ቀጠሮ አንድ ችግር ብቻ ይምረጡ፤ ሁለት አይደለም። ታካሚው «ይህ ቢለወጥ ሌላውን እችለዋለሁ» የሚለውን። በሚታይ ድርጊት ይጻፉት፤ «በራስ መተማመን» ሳይሆን «በስብሰባ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ መናገር»። 2ኛው ላይ ችግሩን ያቆየው ምን እንደሆነ በወረቀት ላይ አብረው ይሥሩ፤ የመጀመሪያው የቤት ልምምድም እዚያው ይሰጥ። 3ኛውና 4ኛው ዋናው ሥራ ነው፤ ድብርት ከሆነ የቀን ፕሮግራምና እንቅስቃሴ፣ ጭንቀት ከሆነ መጋፈጥ። ለዚህ 5ኛውን የሚጠብቅ አማካሪ ጊዜ ያልቅበታል።

4ኛው ላይ የግድ ይቁሙና መጠይቁን ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። 5 ነጥብ ካልወረደ ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ ልምምዱ በእርግጥ እየተሠራ ነው? የመረጥነው ችግር ትክክለኛው ነው? በሁለታችን መካከል መግባባት አለ? ሦስተኛውን ፊት ለፊት ይጠይቁ፤ በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው ትብብር ከውጤት ጋር እንደሚዛመድ 295 ጥናቶችን ያካተተ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ግምገማ አረጋግጧል። «እየረዳሁህ ነው?» ቢሉት «አዎ» ይላል፤ «ከማደርገው ውስጥ የትኛውን ባቆም ይሻላል?» ቢሉት ግን የሚናገረው ያገኛል።

ከ5ኛው እስከ 7ኛው ያው ሥራ ከበድ ባለ ደረጃ ይቀጥላል፤ አዲስ ርዕስ አይከፈትም። በ7ኛው ላይ ታካሚው ድንገት ትልቅ ምስጢር ቢያወጣ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ቀጠሮ ጨምሮ ሌላ ሕክምና መክፈት ግን የሚቀጥለው ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ያኔውኑ የማስተላለፊያ ደብዳቤውን ያዘጋጁ። ድርጅቱ ከፈቀደ 8ኛውን ከ7ኛው ወዲያው አያድርጉት፤ በ4 ሳምንት ያርቁትና ታካሚው ብቻውን የሞከረውን ይዞ ይምጣ። በዚያን ጊዜ የማገርሸት መከላከያ ገጹን የሚጽፈው ታካሚው ነው፤ እርስዎ ብዕሩን አይንኩት።